ለዓይንም ለስኒም የሚመች የሳሎን ጠረጴዛ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያም ሆነ በሐይቅ ቤቱን አዲስ የሚያደራጅ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡንና ሐሳቡን የሚያፈስሰው ሶፋው ላይ ነው። ከሶፋው ፊት የሚቀመጠው ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ ብዙዎቻችን ኮፊ ቴብል የምንለው፣ ወይ ከሶፋው ጋር አብሮ ይመጣል፣ ወይ በመጨረሻ በተረፈው ገንዘብ ይገዛል። ይሁን እንጂ ሳሎን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በቀን ውስጥ ብዙ እጅ የሚነካው፣ ብዙ ነገር የሚፈስበትና የገባ እንግዳ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት ይኸው ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ አሰናዳዱ ከጌጥ ያለፈ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በወሎ ቤት ጉዳዩን የሚያወሳስበው የጠረጴዛው ሥራ መብዛት ነው። ጠዋት የልጆች ሻይና ዳቦ ይቀርብበታል፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ሲፈላ ቆሎውና ስኒው ያርፍበታል፤ ማታ ትሪ ተቀምጦ ቤተሰቡ ራቱን ይበላበታል፤ ማዕዱ ሲነሣ ደግሞ ተማሪው ልጅ ደብተሩን ይዘረጋበታል። በረመዳን ተምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው፣ በገናና በፋሲካ ድፎ ዳቦው የሚቀርበው እዚሁ ላይ ነው። ዱዓ ወይም ማኅበር ባለበት ዕለት ግን ሰው ምንጣፍ ላይ እንዲቀመጥ ጠረጴዛው ጭራሹን ዞር እንዲል ይፈለጋል። በስልክ የምናያቸው የተዋቡ የውጭ አገር ሳሎኖች ይህን ሁሉ አይጠየቁም፤ እዚያ ቡናው ኩሽና ውስጥ ተቀድቶ በኩባያ ይመጣል። እኛ ዘንድ ቡናው የሚቆላውም የሚፈላውም እንግዳው በተቀመጠበት ክፍል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ነው።

ከዚህ በመነሣት፣ በእኔ አመለካከት፣ ጥሩ አሰናዳድ የሚባለው ሁለት ነገር ያሟላ ነው። አንደኛው፣ እንግዳው ምንም ነገር ሳያነሣና ሳይገፋ ስኒውን የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ መኖሩ ነው፤ ሁለተኛው፣ ጌጡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መቀመጥ መቻሉ ነው። እነዚህን ሁለቱን ያላሟላ ጠረጴዛ ባዶ ቤት ውስጥ ሲታይ ቢያምርም፣ ሰው ሲገባ ባለቤቲቱን ያስጨንቃል።

ከጌጡ በፊት ልኩ

ልኩ የተሳሳተ ጠረጴዛ በአበባ አይታረምም። በመጀመሪያ የሚታየው ቁመት ነው። የአብዛኛው ሶፋ መቀመጫ ከወለል ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ጠረጴዛው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ሲሆን ይስማማል። ይህን ለመረዳት የቡና ስኒያችንን ማየት ይበቃል። አብዛኛው ስኒ ጆሮ የለውም፤ እስከ አፉ ተሞልቶ ይቀዳል፤ የሚያዘው በጣት ጫፍ፣ ከንፈሩ አካባቢ ነው፤ ካቃጠለም ቶሎ ማሳረፍ ግድ ነው። ጠረጴዛው በጣም ዝቅ ካለ ሰውየው የሞላውን ስኒ እንደያዘ ወገቡን አጉብጦ መውረድ አለበት፤ ከመቀመጫው በላይ ከሆነ ደግሞ ክንዱን ወደ ላይ ማንሣት ይኖርበታል፤ በሁለቱም ጊዜ ቡናው ይፈስሳል። ልኩ ሲወሰድ ሶፋው ላይ ሰው ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ስፖንጁ የለሰለሰ ሶፋ ሰው ሲቀመጥበት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ በባዶው የተለካው ቁመት ያሳስታል።

ሁለተኛው በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እጅ ይደርሳል፣ እግርም ያልፋል። ብዙ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ለሶፋው ተጠግቶ 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲቀር አያለሁ፤ ይህ ደግሞ ከባህላችን ጋር ይጋጫል። በእኛ ዘንድ አዛውንት ወይም እንግዳ ከበር ብቅ ሲል ተቀምጦ መጠበቅ ነውር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ «ኖር» እያለ ብድግ ይላል። ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ ጉልበቱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ደረቱም ያዘነብላል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ወይም ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት መልሶ ይቀመጣል። እናትና አባት ወይም አያት ባሉበት ቤት ክፍተቱን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ማድረስና ለእነሱ መቀመጫ ቅርብ የሆነ ትንሽ የጎን ጠረጴዛ መጨመር ሁለቱንም ችግር ያቃልላል።

ሦስተኛው ርዝመት ነው። የሶፋው ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ጠረጴዛ ለዓይን ይመጥናል፤ ሶፋው 2 ሜትር ከ10 ከሆነ ጠረጴዛው 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ማለት ነው። ከሶፋው ጋር እኩል የሆነ ጠረጴዛ መውጫ ይዘጋል፤ ከግማሹ ያነሰ ደግሞ ዳር የተቀመጠውን ሰው ከቆሎው ያርቀዋል። ኤል ቅርጽ ላለው ሶፋ ከረጅም ጠረጴዛ ይልቅ ጎኑ ወይም ስፋቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ወይም ክብ ጠረጴዛ ይሻላል፤ ከሁለቱም ወገን ያለው ሰው እኩል ይደርስበታልና። ዳዴ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ክቡ ይመረጣል።

ስፋቱን ለመወሰን ሜትር ይዞ ክፍሉን መለካት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የደሴ ኮንዶሚኒየም ሳሎን 3 ሜትር ከ20 ስፋት አለው እንበል። ሶፋው 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ ክፍተቱ 40 ይወስዳል፤ ከፊት ለፊት ያለው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ 45 ይይዛል። የጠረጴዛው ስፋት 60 ከሆነ ለመተላለፊያ 85 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ትሪ የያዘ ሰው ሳይጋጭ ያልፋል። ያው ጠረጴዛ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ግን መተላለፊያው 65 ብቻ ይሆናል፤ ማስታጠቢያ ይዞ እንግዳ ለእንግዳ የሚዞረው ልጅ በጎኑ እንዲሄድ ይገደዳል። ልዩነቱ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ቢሆንም የቤቱ ምቾት የሚወሰነው በእሱ ነው። ስለዚህ አናጺ ቤት ሲታዘዝም ሆነ ፈርኒቸር ቤት ሲገዛ የክፍሉን ልክ በወረቀት ጽፎ መሄድ ተገቢ ነው፤ በሰፊ የመሸጫ አዳራሽ ውስጥ የታየ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ትንሽ መስሎ ይታያል።

ሶፋ በሌለበት፣ ሰው በምንጣፍና በመከዳ በሚቀመጥበት መጅሊስ ልኩ ይለወጣል። እዚያ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጠረጴዛ ይበቃል፤ የታጠፈ ጉልበት ከሥሩ ባይገባም ከጎኑ ሳይጨናነቅ ያርፋል።

ሲነሣ የማይከብድ

ረከቦቱ፣ የከሰል ምድጃው፣ ቡና አፍይዋ የምትቀመጥበት በርጩማና የተጎዘጎዘው ቄጠማ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ወለል ይፈልጋሉ። ከላይ በለካነው ሳሎን የተረፈው 85 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እሱም መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ጠረጴዛው ትንሽ ወደ ጎን መሄድ አለበት። ይህ በየቀኑ የሚደረግ ከሆነ ደግሞ የጠረጴዛው ክብደት ተራ ነገር አይደለም።

መስታወት በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረትና በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 1 ሜትር ከ20 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገበታ፣ እግሩ ሳይቆጠር 18 ኪሎ ይሆናል። በዚሁ ስፋት 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ ወደ 39 ኪሎ ይጠጋል። አንዲት ሴት ብቻዋን ይህን ገፍታ ቡና ልታፈላ አትችልም፤ ከገፋችውም ምንጣፉ ይታጠፋል፣ የወለሉ ሴራሚክም ይጫራል። በዚህ ምክንያት ለጠባብ ሳሎን ከአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ይልቅ ሁለት ትናንሾችን እመርጣለሁ። እያንዳንዳቸው 70 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጠረጴዛዎች ሲገጣጠሙ ሙሉውን 1 ሜትር ከ40 በ60 ይሰጣሉ፤ ቡና ሲፈላ አንዱ ከአዛውንቶቹ ፊት ይቀራል፣ ሌላው ወደ ግድግዳው ይጠጋል። አንዱ ካንዱ ሥር የሚገቡ ተደራራቢ ጠረጴዛዎችም ተመሳሳይ ጥቅም አላቸው። ጎማ ያለው ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጎማው መቆለፊያ እንዳለው ይመልከት፤ መቆለፊያ የሌለው ጎማ፣ ልጅ ሲደገፍበት ትኩስ ሻይ የተቀመጠበትን ገበታ ይዞ ይሄዳል።

መስታወት የወደደ ሰው ሙቀት የጠጣ ወይም ቴምፐርድ የሚባለውን ዓይነት ይጠይቅ። ተራ መስታወት ሲሰበር ረጃጅምና ስለታም ስብርባሪ ይሆናል፤ ቴምፐርዱ ግን ወደ ትናንሽ እንክብሎች ስለሚፈረፍር ጉዳቱ ይቀንሳል።

አሰናዳዱ

ወደ ጌጡ ስንመጣ መጀመሪያ የሚወሰነው ባዶው ቦታ ነው፤ ጌጡ የሚገባው ከባዶው ቦታ በተረፈው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድና 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ነጻ ስፍራ ቢተውለት ስኒው ከነማስቀመጫው፣ አጠገቡም አንዲት የቆሎ ሳህን ያርፍበታል። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጠረጴዛ በሁለቱም ወገን ሰው የሚቀመጥ ከሆነ መሐል ላይ ለጌጥ የሚቀረው የ20 ሳንቲ ሜትር መስመር ብቻ ነው። ሰው በሶፋው ወገን ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ጌጡን ወደ ቴሌቪዥኑ ወገን ጠጋ አድርጎ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ አንዱ ጫፍ ገፋ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንዲያውም እንዲህ ወደ ጎን ያደላ አቀማመጥ ልክ መሐል ላይ ከተደረገው ይልቅ ለዓይን ሕይወት ይሰጣል። ባጠቃላይ ጌጡ ከገበታው ሲሶ በላይ ባይወስድ መልካም ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሁሉንም የሚይዝ አንድ ትሪ ነው። የእንጨት ትሪ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በአክርማና በስንደዶ የተሰፋ፣ ጠርዙ በትንሹ ቀና ያለ ሰፌድ ወይም የስፌት ትሪ ለወሎ ቤት የበለጠ ይስማማል ባይ ነኝ። ትሪው ሁለት ሥራ ይሠራል። ለዓይን፣ ተበታትነው ዝርክርክ የሚመስሉትን አራት አምስት ነገሮች አንድ ያደርጋቸዋል፤ ያው አበባ፣ ያው ሙዳይ፣ ያው ሪሞት ጠረጴዛው ላይ ለየብቻ ሲቀመጡ የተረሱ ይመስላሉ፣ በትሪ ሲሰበሰቡ ግን ታስቦባቸው የተቀመጡ መሆናቸው ይታያል። ለእጅ ደግሞ፣ ራት ሲቀርብ ወይም ቡና ሲፈላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲሸኝም በዚያው ሁኔታ ይመለሳል። 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ለአብዛኛው ጠረጴዛ ይበቃል፤ በሁለቱም ወገን ሰው በሚቀመጥበት 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠረጴዛ ግን የትሪው ወርድ ከ20 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ።

በትሪው ላይ የሚቀመጡት ነገሮች ቁመታቸው መለያየት አለበት። እኩል የሆኑ ዕቃዎች በእኩል ርቀት ሲደረደሩ የሱቅ መደርደሪያ ይመስላሉ፤ ዓይን የሚያርፍበት ስፍራ ያጣል። አንድ ከፍ ያለ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ዝቅ ብሎ የተንጣለለ ነገር ቢኖር ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል። ከፍ ያለው ከ25 ወይም ከ30 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተቃራኒ የተቀመጡ ሰዎች ፊት ለፊት አይተያዩም፣ በቡና ላይ ደግሞ ፊት ካልተያየ ጨዋታው አይደምቅም።

ከፍታን የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት፤ በክረምት ጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲለብስ ሰው ቤት ውስጥም ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል። ጋቢ የለበሰ ሰው ስኒ ለማንሣት ክንዱን ሲዘረጋ የጋቢው ጫፍ አብሮት ይመጣና ጠረጴዛውን ይጠርገዋል። በዚህ ጊዜ ቀጭንና ረጅም የአበባ ማስቀመጫ መጀመሪያ ይወድቃል፤ ውኃ ካለበት ደግሞ ምንጣፉን ያበላሻል። ስለዚህ ከፍ ያለው ዕቃ ታቹ ሰፊና ከበድ ያለ ይሁን። የሸክላ ዕቃ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ለጌጥ ብቻ የተቀመጠች፣ ጥላሸት ያልነካት ትንሽ ጀበና ሆዷ ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አትወድቅም።

መካከለኛውን ቁመት ክዳን ያለው ሙዳይ ቢይዘው እጅግ ጠቃሚ ይሆናል። የስልክ ቻርጀር፣ የመነጽር ጨርቅ፣ እስክሪብቶ፣ የተረፈ ባትሪ፣ በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ የሚከማቹት ጥቃቅን ነገሮች ሁሉ በክዳኑ ሥር ይገባሉ፤ ውጭው ግን ጌጥ ሆኖ ይታያል። ዝቅ ያለው ደግሞ ሰፋ ያለ ሳህን ወይም የብርጭቆ ማስቀመጫዎች ጥቅል ሊሆን ይችላል።

ለሕያው አረንጓዴ ከጤና አዳም የሚሻል አላውቅም። ከጓሮ ወይም ከጣሳ ተቆርጦ፣ አጠር ባለ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ውኃ ተደርጎለት ሲቀመጥ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ ዓይን ያሳርፋል፤ ሽታውም ክፍሉን ያውዳል። ቡናው ሲቀዳ ደግሞ ከዚያው ተቀንጥቦ ስኒው ውስጥ ይጨመራል፤ ስለዚህ ጌጥም ቅመምም ነው። ውኃውን በየሁለት ቀኑ መለወጥና ውኃ ውስጥ የሚገባውን የግንዱን ክፍል ከቅጠል ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብስና ይሸታል። በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ሲሞላ ግንዱን አሳጥሮ በዝቅተኛ ብርጭቆ ማድረግ የወቅቱን ደስታ ወደ ቤት ያስገባል። አርቲፊሻል አበባ የሚወድ ሰው ቢጠቀም ነቀፋ የለኝም፤ ነገር ግን አቧራው ከታየ ከባዶ ጠረጴዛ ይልቅ ያስቀይማል። በተለይ ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ የሚል፣ ሞቃት በመሆኗም መስኮት ክፍት ሆኖ የሚውልባት ከተማ ስለሆነች፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በለዘብተኛ የሳሙና ውኃ ማጠብ ግድ ይላል።

ስለ ቀለም ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ከመጋረጃው ወይም ከምንጣፉ አንድ ቀለም መርጦ በትሪው ላይ በአንድ ወይም በሁለት ዕቃ መድገም በቂ ነው። ሰፌዱ ራሱ ባለ ብዙ ቀለም ከሆነ በላዩ የሚቀመጡት ነጭ ወይም የሸክላ ቀለም ያላቸው ይሁኑ።

ዳንቴሉስ?

ዳንቴል የሌለበት የወሎ ሳሎን ማግኘት ያስቸግራል። እናት፣ እኅት ወይም ሙሽራዋ ራሷ በኪሮሽ የሠራችው፣ ወራት የፈጀ የእጅ ሥራ ስለሆነ ከጠረጴዛው ይነሣ የሚል ምክር አልሰጥም። የማልስማማው ገበታውን በሙሉ በዳንቴል ሸፍኖ፣ እንዳይቆሽሽ ደግሞ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ማልበስን ነው። ላስቲኩ ሥራውን ይሸፍነዋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቅና የክሩ ጥበብ አይታይም። ከዚህም በላይ እነዚህ የፕላስቲክ ልባሶች ለስላሳ እንዲሆኑ የሚጨመርባቸው ኬሚካል ከጊዜ ጋር ወደ ቫርኒሹ እየገባ ሊያለሰልሰው ይችላል፤ ከወራት በኋላ ላስቲኩ ሲነሣ ቫርኒሹ ተጣብቆ የሚመጣው ወይም ገበታው የሚያጣብቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሻለው ዳንቴሉን ትንሽ አድርጎ ከትሪው ሥር ዙሪያው ብቻ እንዲታይ ማንጠፍ ወይም፣ ትልቁን ማሳየት ካስፈለገ፣ በልክ በተቆረጠ መስታወት ሥር ማድረግ ነው። ስኒ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ዳንቴል ባይኖር ይመረጣል፤ ጉብ ጉብ ባለው የክር ሥራ ላይ የሞላ ስኒ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ የቡና ነጠብጣብ ከነጭ ክር ላይ ለመልቀቅም ያስቸግራል።

መጽሐፍን በሚመለከት፣ በውጭ አገር ሳሎኖች ትልልቅ መጻሕፍትን ደርቦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ጌጥ ነው። እኛ ዘንድ የዚህን ቦታ የሚይዘው የሠርግ አልበም ነው፤ እንግዳ ቡናው እስኪደርስ አልበም ያገላብጣል። አልበሙ ከባድና ሰፊ ስለሆነ ገበታው ላይ ከሚሆን ይልቅ ጠረጴዛው የታች መደርደሪያ ካለው እዚያ ይቀመጥ። ቁርአንም ሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ዳዊት ግን ከጉልበት በታች በሆነ፣ ምግብና ስኒ በሚያርፍበት፣ የሰው እግር በሚጠጋበት ገበታ ላይ ለጌጥ ሊቀመጡ አይገባም፤ ሁለቱም እምነቶች አብረው በሚኖሩበት፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚገናኙበት ወሎ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ከፍ ያለ መደርደሪያ ይገባቸዋል። መብራት ሲጠፋ የሚፈለገው ባትሪም በታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ የማይለወጥ ቦታ ይኑረው፤ በጨለማ የሚዳብስ እጅ ገበታው ላይ ያለውን ሁሉ ይጥላል።

ቡና ሲፈላ

ቡናው ሲጀመር ትሪው ወደ ቡፌው ይነሣል፣ ጠረጴዛው ወደ ጎን ይጠጋል፣ ገበታው ላይ የሚቀረው ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ሶፍትና የብርጭቆ ማስቀመጫ ብቻ ይሆናል። የዕጣን ማጨሻው ጠረጴዛው ላይ እንዲወጣ አልመክርም። ፍም የያዘ ማጨሻ ታቹ ይግላል፤ ተራ መስታወት አንድ ቦታው ላይ ብቻ ሲግል ሌላው ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሚሆን በመካከል ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨትም ይለበልባል። ማጨሻው ከረከቦቱ አጠገብ ወለል ላይ፣ ከሥሩ አመድ ወይም አሸዋ ተደርጎበት ይቀመጥ። የደሴ ብርድ በር እንዲዘጋ ቢገፋፋም ከሰል በሚነድበት ክፍል መስኮት ገርበብ ብሎ መከፈት አለበት፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው፤ የዕጣኑ ሽታ ጥሩ መሆኑም አየሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ገበታውን መጠበቅ

በአገራችን ለቤት ዕቃ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ለመላግ የሚመች፣ መልኩም ያማረ ነው። እንጨት ግን ከተሠራ በኋላም እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም በዋናነት የሚሆነው በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው። የደሴ ክረምት እርጥብ፣ በጋው ደረቅ ስለሆነ ገበታው በየዓመቱ በጥቂቱ ይሰፋል፣ ይጠብባል። አናጺው ገበታውን ከእግሩ ጋር ሲያያይዝ ለዚህ መንቀሳቀሻ ካልተወለት፣ ወይም ያልደረቀ ጣውላ ከተጠቀመ፣ በበጋው መሐሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሲታዘዝ ጣውላው በደንብ የደረቀ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ እንዲህ አይሰነጠቅም፤ ጠላቱ በጠርዙ የሚገባ ውኃ ነው። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ልባስ አንድ ጊዜ ከተላቀቀ፣ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። የተላቀቀውን ጠርዝ ሳይውል ሳያድር ማጣበቅ ገበታውን ያድናል።

በእንጨት ገበታ ላይ በብዛት የሚታየው ጉዳት ከትኩስ ብርጭቆ ሥር የሚቀረው ክብ ምልክት ነው። ቀለሙን አይቶ ክብደቱን መለየት ይቻላል። ነጭ ከሆነ እርጥበቱ የቀረው ቫርኒሹ ውስጥ ነው፤ እንጨቱ አልተነካም። እንዲህ ያለውን ደረቅና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥፎ ከላዩ አድርጎ፣ እንፋሎት በሌለው፣ ለብ ባለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነካ እያደረጉ፣ በየጊዜው ጨርቁን ገልጦ እያዩ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ሙቀቱ የታመቀውን እርጥበት ያወጣዋል። ካውያው ከጋለ ወይም ከቆየ ግን ቫርኒሹን ራሱን ስለሚያበላሸው መታገሥ ይጠይቃል። ምልክቱ ጥቁር ከሆነ ውኃው ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ በካውያ አይለቅም፤ አናጺ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ሊቀባው ይገባል።

ቡና የፈሰሰ እንደሆነ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ መምጠጥ፣ ከዚያም በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ማድረቅ ይበቃል። የስፌት ትሪው ላይ ከፈሰሰ ግን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም፤ የተነከረው ስንደዶ ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ ክር ይለቅቃል፣ ቅርጹም ይጣመማል። በረጠበ ጨርቅ ብቻ ጠርጎ፣ ተዘቅዝቆ ሳይሆን ተዘርግቶ፣ ጸሐይ በቀጥታ በማያገኘው ነፋሻ ቦታ እስኪደርቅ ማቆየትና ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ወደ ጠረጴዛው መመለስ ነው።